ሮቢ የወሰደውን ዓባይ ይመልሳል?

የእኛ አገር ወንዞች ባሕር አይገቡም። ይሄን ያስተማረኝ የጂኦግራፊ መምህሬ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እቴቴ ናት። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አታዬ፣ ሁሉም ከላይ ከደጋው ጫፍ ይነሡና ይፋትን አጠጥተው፣ ሽንኩርቱንና ማሾውን አብቅለው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይሄዳሉ። አፋር ይወርዳሉ፤ የሚደርሰው ደርሶ አዋሽን ያገኘዋል። አዋሽም ቢሆን ያው ነው። አገር ላገር ሲዞር ከርሞ፣ ቀይ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

«የኛ ውሃ ይሄዳል እንጂ አይደርስም፤ አይመለስምም» ትላለች እቴቴ። ይሄን ስትል ስለ ውሃ እያወራች አይደለም።

እቴቴ የአባቴ እህት ናት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጇ ከኔ በሦስት ዓመት ያንሳል፤ አንድ መደብ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። መስከረም 2007 ዓ.ም፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ሆነው ያንኑ የወንዞቹን መንገድ ተከተሉ፦ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ። ሁለቱ ልጆች የሚለያዩት አንዱ ዓርብ መስጊድ፣ ሌላው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቻ ነበር። ሲሄዱም ሳይለያዩ ሄዱ።

«አደጋውን ሳያውቁ ነው የሄዱት» የሚል ሰው ካለ ልቤ ይደማል። ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ያባረረችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2006 ዓ.ም ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ እንኳ ሳይዙ የወረዱትን ሰዎች እኛም፣ እነሱም፣ አንድ ቤት ተቀምጠን አንድ ቴሌቪዥን ላይ አይተናል። አይተው ነው የሄዱት። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ተደወለ፤ «ደህና ነን፣ ነገ ማታ እንሻገራለን» አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት የመን ላይ የአውሮፕላን ድብደባ ተጀመረ። ስልኩ ግን ከዚያ በፊትም ዝም ብሎ ነበር።

እንግዲህ ግሽ ዓባይ የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ግሽ ዓባይ ያልሰማ አዲስ አበቤ አንባቢ ካለ (አለ፤ አውቃለሁ፤ ዓባይን ከዘፈን ብቻ የሚያውቅ ብዙ ነው) ባጭሩ ልንገረው። ምዕራብ ጎጃም፣ ሰከላ ወረዳ ውስጥ ያለች ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። ዓባይ የሚወለደው እዚያ ነው። ከምንጩ የሚወጣው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል፤ ጣና ገብቶ ሲወጣ ጎርምሶ ትልቁ ዓባይ ይሆናል። በኛ አባቶች ዘንድ ዓባይ ማለት ከኤደን ገነት ከሚወጡት አራቱ ወንዞች አንዱ፣ ግዮን ነው። ስለዚህ ምንጩ ጸበል ነው። የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ክብረ በዓል ጥር 13 ስለሆነ፣ ጥምቀትን ያከበረ ሰው ሁሉ ነጠላውን ሳያጥብ ወደዚያ ይጎርፋል።

እቴቴን የያዛት ግን ግዮንነቱ አልነበረም፤ የመጻሕፍቱ ታሪክ ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ንጉሥ ሊያስራቸው ወታደር በላከባቸው ጊዜ፣ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጡ ይባላል። ውሃ ውስጥ ከተቷቸው ማለት ነው። ከዚያ ታስረው ከረሙ፤ አምስት ዓመት ይላሉ። ሲፈቱ ወደ ምንጩ ተመልሰው «አደራዬን መልስ» ብለው ተጣሩ። ወንዙም መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አወጣ። ብራናው አልራሰም፤ ቀለሙ አልለቀቀም። የቦታው ስም ራሱ ከዚያ ጥሪ የመጣ ነው ይላሉ፤ ግሽ ማለት «የዋጥኸውን አውጣ» እንደማለት ነው።

ይሄን ከአንድ ከጉዞ ከተመለሰች የዕድርተኛ ሰምታ መጣችና፣ ማታ ራት ላይ፣ ጣቷን እየቆጠረች፣ «ዘንድሮ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ። 2011 ዓ.ም ነበር። አራት ዓመት አልፎ አምስተኛው ተይዟል። ምን እንደምትቆጥር ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ሰው ኤምባሲ ደጅ ጠንቶ፣ ቀይ መስቀል አስመዝግቦ፣ ደላላ ቤት ሄዶ አልቅሶ፣ የቀረው ወንዝ ብቻ ሲሆን «እቴቴ፣ ወንዝ እኮ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ነው» ይባላል እንዴ?

ልንሄድ ዋዜማ ላይ ጎረቤታችን መጣች። ሁለቱ እናቶች ከልጆቻቸው መጥፋት በኋላ እንደ እህትማማች ሆነዋል፤ አንዷ ቡና ካላፈላች ሌላዋ ታፈላለች፣ ስልክ ሲጮህ እኩል ይደነግጣሉ። በሩ ላይ ቆማ፣ ሻሽዋን እያስተካከለች፣ «እህቴ፣ የኔንም ጥሪልኝ» አለች። እቴቴ ደግሞ «ሳልጠራው ልመጣ ኖሯል?» ብላ ተቆጣች። አለቀ። ስለ ሃይማኖት የተነገረ ሌላ ቃል የለም። ቆላ ይፋትን የማያውቅ ሰው ይሄ ይገርመው ይሆናል። እኛ ሰንበቴ ገበያ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ እሑድ እሑድ ሲጋፋ እያየን ያደግን ነን። ይሄ ማለት ተጣልተን አናውቅም ማለት አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም አታዬ ስትቃጠል የጭሱ ወሬ እኛም ጋ ደርሷል። ግን የጠፋ ልጅ ጉዳይ ከዚያ ሁሉ በላይ ነው።

መንገዱን አላረዝምባችሁም። ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀት ሸሚዛችን ተለጥፎ ተሳፈርን፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ሌላ አገር ሆነ፤ ጉም። እቴቴ ጋቢ ላይ ጋቢ ደረበች። አዲስ አበባ አድረን፣ በጉዞ ማኅበሩ አውቶቡስ በማግሥቱ ሌሊት ተነሣን። ሹፌሩ መዝሙር ከፍቶ ጎሃ ጽዮን ድረስ አላጠፋውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስንወርድ ግን ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያ ገደል ዝም ያሰኛል። ታች፣ ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ እቴቴ መስኮቱን በእጇ መታ መታ አድርጋ «ይሄ አይደል እንዴ? አውርዱኝ!» አለች።

«ይሄ አድጎ ነው እቴቴ። እኛ የምንሄደው ሕፃኑ ጋ ነው።»

«ያደገው አይሻልም? ጉልበት ያለው?»

ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ ሳቁ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። አሁንም የለኝም። እውነትስ፣ ወንዝን ሰው ለምን ከራሱ ጀምሮ ያከብረዋል? ያ የዓባይ በረሃ ውሃ ስንት ገባር ጠጥቶ፣ ተራራ ሰንጥቆ የሚሄድ ኃይለኛ ነው፤ ማንም ግን ጫማውን አውልቆ አይሻገረውም። ድልድዩ ላይ ወታደር ቆሟል፤ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ክብሩ ያ ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ከዚያ ጥሊሊ ላይ ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ላይ። የገብስ ነዶ፣ ባሕር ዛፍ፣ ፈረስ። ቆለኛ ለሆነ ሰው ፈረስ ማየት በራሱ ጉዞ ነው። ጥር 12 ማታ ስንገባ ከተማዋ ከራሷ በላይ ሆናለች። ላስቲክ የወጠረ፣ ገለባ ያነጠፈ፣ አውቶቡስ ስር የተኛ። ሻማ ሻጩ፣ ጧፍ ሻጩ፣ መቁጠሪያ ሻጩ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ጀሪካን ሻጩ! ቢጫ የዘይት ጀሪካን እንደ ተራራ ተከምሯል። ባለሁለት ሊትሩ፣ ባለአምስቱ፣ ባለሃያው። አንዱ ወጣት «ዓባይን ሙሉ በሙሉ የሚይዝ አለኝ!» እያለ ይጣራል። ነጋዴ ማለት ይሄ ነው።

በማግሥቱ ሕጉ እንዲህ ነው፦ የበላ አይገባም፤ ጫማ አይገባም፤ ሴትና ወንድ ሰልፉ ለየብቻ ነው። በባዶ እግር የጠዋት ውርጭ ያለበትን ሣር መርገጥ ምን እንደሚመስል ለቆላ እግር አትጠይቁት። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ከአርማጭሆ መጣሁ አለኝ፤ ከኋላዬ ያለው ከአሜሪካ። እሱ ደግሞ እግሩን ለማዳን ካልሲ አድርጎ ነበርና አስወለቁት።

ምንጩን ሳየው … እንዴት ልበላችሁ። ትንሽ ነው። የታጠረ ረግረግ ሜዳ፣ ጣራ የተሠራለት ዓይን፣ ውስጡ ጸጥ ያለ ጥርት ያለ ውሃ። ይሄ ነው ካርቱም፣ ካይሮ የሚደርሰው? ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የስፔን ካህን በ1618 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አይቶታል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጣና «የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ» ብሎ ተከራከረ፤ ፓኤዝ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ቀድሞት ሳለ! (እዚያው የሚኖሩት ሰዎች ስንተኛ እንደሆኑ የጠየቀ የለም።) ሁለቱም የጻፉት አንድ ነገር ግን ትኩረቴን ይስበዋል፤ የአካባቢው አገዎች ለዚህ ምንጭ ከብት ያርዱ እንደነበር። ማለት፣ ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሰው እዚህ ውሃ ጋ ቆሞ የሆነ ነገር ሲለምን በጣም ቆይቷል።

እቴቴ ከሴቶቹ ሰልፍ ስትወጣ ፊቷ ርሶ ነበር። ጸበል ይሁን ዕንባ አልጠየቅኳትም። «ጠራሽው?» ብቻ አልኳት።

«ሁለቱንም። አንዴ አይደለም። ሴቶቹ ጠበቁኝ፤ ግፊ እንኳ አላሉኝም።»

ከዚያ ወደ ስም ማስጻፊያው ሄድን። አንድ ወጣት ዲያቆን ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግቶ፣ ለጸሎት የሚጠሩ ስሞችን ይጽፋል። የታመመ፣ የታሰረ፣ የሞተ፣ የጠፋ። የክርስትና ስም ትነግሩታላችሁ፣ የአቅማችሁን ታስቀምጣላችሁ። እቴቴ የልጇን የክርስትና ስም ነገረችው፤ ጻፈ። ቀጥላ የጎረቤታችንን ልጅ ስም ነገረችው። ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አያት።

«እናቴ፣ የክርስትና ስሙን ነው።»

«የለውም። እስላም ነው። ከልጄ ጋር ነው የሄደው።»

ዲያቆኑ ብዕሩን ነከሰ። ዕድሜው ከጠፉት ልጆች አይበልጥም። ኋላችን ሰው ተሰልፏል። አሰበ፣ አሰበና ከልጇ ስም ጎን «ከነጓደኛው» ብሎ ጻፈ። ጎሽ፣ ብልህ ልጅ አልኩ በልቤ። እቴቴ ግን ማንበብ አትችልምና «ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችው። ነገራት። ነጠላዋን አጥብቃ አሰረች።

«ጓደኛው ቢባል የቱ ጓደኛው ተብሎ ይታወቃል ልጄ? እዚያ ጀልባው ላይ እኮ ጓደኛው ብዙ ነው።»

ይሄኔ ሰልፉ ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት «ጻፍላት!» አሉ። ዲያቆኑ ሳቅ አለ፤ «ከነጓደኛው» ከሚለው ቀጥሎ የልጁን ስም ከነአባቱ ጻፈው። በፊደል አንድ እንኳ አልገደፈም። እቴቴ አሥር ብር ጨመረች፤ ለሁለት ሰው ነዋ።

ይሄን ታሪክ በኋላ ሕንድ አገር ዶክትሬቱን ለሠራ አንድ ወዳጄ ስነግረው በጣም ሳቀና፣ ከዚያ ዝም አለና፣ ሃሪድዋር የሚባል ከተማ አወራልኝ። ጋንጋ ወንዝ ከሂማላያ ተራሮች ወጥቶ ሜዳውን የሚረግጥበት የሂንዱዎች የጉዞ ከተማ ነው። እንደኛው ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ወንዙ ውስጥ ይጠልቃል፣ ውሃውን ጀሪካን ሞልቶ አገሩ ይወስዳል፤ እነሱም ጀሪካን አላቸው! እዚያ ታዲያ ከአባት ወደ ልጅ በሚተላለፍ ሥራ የየቤተሰቡን መዝገብ የሚይዙ ካህናት አሉ። ከዚህ መንደር፣ ከዚህ ወገን ነኝ ስትላቸው፣ እንደ ጥቅል የሚተረተር ረጅም መዝገብ አውጥተው አያትህ መቼ እንደመጣ፣ ማንን ይዞ እንደመጣ፣ ከማን እንደተወለደ ያነቡልሃል። አንዳንዴ አያትህ በገዛ እጁ የጻፈውን ታገኛለህ። አንተም ከሥሩ የራስህን ትጽፋለህ፤ የተወለደውን፣ የሞተውን። ወዳጄ አብሮት የሚማር ሕንዳዊ የአያቱን ጽሑፍ አግኝቶ ሲያለቅስ አይቷል።

ዘንድሮም ሆነ ካቻምና ስለ ሂንዱዎች ስናወራ እኛ የምናወራው ስለ ብዛታቸው ነው። በ2017 ዓ.ም ጥርና የካቲት፣ እኛ ጥምቀትን ስናከብር፣ ጋንጋና ያሙና በሚገናኙበት በፕራያግራጅ የኩምብ ሜላ በዓላቸውን ሲያከብሩ የሕንድ መንግሥት ከ600 ሚሊዮን በላይ ሰው ውሃ ገብቷል ብሎ ነበር። ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔን ግን የያዘኝ ያ መዝገብ ነው። አንድ ሰው የሆነ ቦታ፣ ውሃ አጠገብ፣ ስምህን ጽፎ አስቀምጦልሃል። ብትጠፋ እንኳ የጠፋኸው ከመዝገብ አይደለም። የኛ ልጆች ስም የትኛው መዝገብ ላይ ነው ያለው? ኦቦክ ላይ የተሳፈሩ ሰዎች ስም ዝርዝር የለም። ደላላው የሚያውቀው ስንት ራስ እንደጫነ ነው። የጅቡቲም፣ የየመንም፣ የኛም መንግሥት የማያውቀውን፣ ሁለቱን ልጆች አብረው መሄዳቸውን በጽሑፍ የያዘው ሰከላ ላይ ያለ የዲያቆን ደብተር ብቻ ነው። እሱም ምናልባት።

ስለ ሮቢ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ነው እዚህ የደረስኩት። ሮቢን እወደዋለሁ። ዋና የለመድኩበት ነው። ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከሱ ነው፤ ሽንኩርታችን፣ ቲማቲማችን፣ ማንጎአችን ሁሉ ከሱ ጉሮሮ የተጠለፈ ነው። አንድም ሰው ግን ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ ካልሲውን አያወልቅለትም። ሲሞላ ሰው ይወስዳል፣ ሲጎድል የወባ ትንኝ ያፈላል፤ የሚወራለት ይሄ ነው። ጥምቀት ሲሆን ታቦት አጠገቡ ያደረ ውሃ ሁሉ፣ የጃን ሜዳ ገንዳ ሳይቀር፣ ለአንድ ቀን ዮርዳኖስ ይሆናል፤ በማግሥቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ልዩነቱ ዓባይ አንዴ አደራ ተቀብሎ መለሰ ተብሎ ስለተነገረለት ነው። ሮቢን አደራ ያለው ሰው የለም። እኛም ልጆቻችን በዚያ አቅጣጫ ሲሄዱ አደራ አላልነውም፤ ተኝተን ነበር።

ሸዋ ሮቢት ስንመለስ እቴቴ የአምስት ሊትሯን ጀሪካን ለሁለት ሃይላንድ ገለበጠችና ግማሹን ለጎረቤታችን ሰጠች። ጎረቤታችን ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ባሏ ከሐጅ ያመጡት የዘምዘም ውሃ አለ። ትንሽ የቀረው፣ የሚቆጠብ። የዓባዩን ሃይላንድ ከሱ ጎን አስቀመጠችው። ሐጂ ሲገቡ አይተው «ይሄ ደግሞ የምን ነው?» አሉ። ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ፤ አስወጪው ግን አላሉም። በኋላ ሳያት ሃይላንዱን ከአቧራ የምትጠርገው እሳቸው የሰገዱበትን ምንጣፍ ባጠፈችበት በዚያው እጇ ነው።

ኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ደብረ ብርሃን ወጡ። ለቀናት በብርድ ተንቀጥቅጠው ሲመለሱ ቤታቸው እንዳልነበረ ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም። እቴቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን ስለ ስልኳ ቻርጀር ነው። ቁጥሯን እስካሁን አልቀየረችም። ልጇ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር እሱ ብቻ ነው ትላለች። ማንም «ካርድ አልቆብኝ ነው» የሚል የማታውቀው ቁጥር ሚስኮል ካደረገ ወዲያው ትደውላለች፤ በዚህ የተነሣ ስንት አጭበርባሪ ሀብታም ሆኗል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ሁለቱም ሴቶች አዲሱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ያያሉ፤ እኔም በዓመት በዓሉ ምክንያት እዚያው ነበርኩ። ባለሥልጣናቱ፣ እንግዶቹ፣ ከጀርባቸው ያ የግንብ ተራራና የሚፈሰው ውሃ። ጎረቤታችን እልል አለች፤ ቦንድ ገዝታለች፣ መብቷ ነው። እቴቴ ዓይኗን አጥብባ ቆየችና ወደኔ ዞራ፣

«ይሄ ያው የኛው ነው? ያ የዘርዐ ብሩክ?» አለችኝ።

«አዎ እቴቴ። እሱው ነው።»

እንደገና አየች፤ ወደ ሰዎቹ እግር።

«ጫማቸውን እኮ አላወለቁም።»

ጎረቤታችን እልልታዋን አቁማ እሷም አየች።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ፣ ጎጃም ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ፣ እቴቴ ጥምቀት ባለፈ ቁጥር መንገዱን ትጠይቀኛለች። ሹፌሮች የሚሉትን እነግራታለሁ። «እስከ ደጀንስ?» ትላለች። እስከ ደጀን የሚሉትንም እነግራታለሁ። ሃይላንዱ ውስጥ የቀረው ከሦስት ጣት አይበልጥም። ጎረቤታችን ጋ ግን ገና ግማሽ አለ፤ እሷ ቆጣቢ ናት፣ ከዘምዘሙ ተምራ።